በእንከን የማይሰናከል ብርሃን፦ ስለ ቶፖሎጂያዊ ጥቃቅን ሌዘሮች

ሌዘር ለሕክምና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የዐይን ሐኪም በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲናን ያክምበታል፤ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ጠጠር ይሰባብርበታል፤ የቆዳ ሐኪም ከልደት ጀምሮ ያለ የደም ሥር ምልክትን ያደበዝዝበታል። ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ካበራ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1961 መጨረሻ፣ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ሕመምተኛ ሬቲና ላይ የነበረን ዕጢ ለማከም ሥራ ላይ ውሏል። ከኤክስሬይ በስተቀር፣ የፊዚክስ ግኝት እንዲህ ፈጥኖ ከቤተ ሙከራ ወደ ሕክምና ክፍል የገባበት ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በፊዚክስ መጽሔቶች ላይ በተደጋጋሚ የሚነሳ አንድ አዲስ የሌዘር ዓይነት አለ። «ቶፖሎጂያዊ ሌዘር» ይባላል። መጠኑ በጣም ጥቃቅን ነው፤ የተሠራውም ብርሃንን በጠርዙ ላይ ብቻ እንዲፈስ በሚያስገድድ የቀለበቶች ወይም የቀዳዳዎች ድርድር ነው። ከስሙ ጋር አብሮ የሚነገረው ትልቅ ቃል «በጉድለት የማይበገር» የሚል ነው። ይህ ቃል ነገ በመሣሪያ አቅራቢዎች መግለጫ ላይ መታየቱ አይቀርም። ስለሆነም ጥበቃው ከየት እንደሚመጣና ከምን እንደማይጠብቅ ከወዲሁ ማወቅ ለጤና ባለሙያው ጠቃሚ ነው።

ትንሽነት ያመጣው ችግር

የማንኛውም ሌዘር አሠራር በአልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ኃይል የተሞላ አቶም በአጠገቡ ብርሃን ሲያልፍ፣ ከሚያልፈው ብርሃን ጋር ቀለሙም አቅጣጫውም እርምጃውም አንድ የሆነ ብርሃን ይለቃል። ይህን የሚያደርግ ቁስ በሁለት መስታወቶች መካከል ቢቀመጥ ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይበዛል። የሚጨመረው ብርሃን ከሚባክነው የሚበልጥበት ነጥብ የሌዘሩ ደፍ ነው፤ ደፉ ሲታለፍ ደብዛዛው ብርሃን በድንገት ወደ ጠራ ጨረር ይለወጣል።

በመስታወቶች ፈንታ ቀለበትም መጠቀም ይቻላል። ከከፊል አስተላላፊ ቁስ በተቀረጸ ጥቃቅን ቀለበት ውስጥ ብርሃን ክብ ይዞራል፤ ዙሩን ሲጨርስ ከራሱ እርምጃ ጋር የሚገጥመው ቀለም ብቻ ይበረታል። እንደዚህ ያለ ቀለበት ዲያሜትሩ ጥቂት ማይክሮሜትር ሊሆን ይችላል፤ የቀይ የደም ሴል ዲያሜትር ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር መሆኑን ማስታወስ ለንጽጽር ይረዳል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ ባነሰ ቁጥር የአሠራር ስሕተት ይጎላል። በቅርጻው ጊዜ ግድግዳው በጥቂት ናኖሜትር ቢወፍር ወይም ቢሳሳ የቀለበቱ ቀለም ይለወጣል፤ ግድግዳው ቢሻክር ብርሃኑ ወደ ኋላ ይበተናል። አንድ ቀለበት የሚሰጠው ኃይል ደግሞ አነስተኛ በመሆኑ ብዙዎችን ጎን ለጎን መደርደር ግድ ይላል። ነገር ግን አንድ መቶ ቀለበቶች ቢደረደሩ መቶውም በጥቂቱ ይለያያሉ፤ መሪ እንደሌለው መዘምራን እያንዳንዱ የራሱን ዜማ ያነሳል። የሚገኘው ብርሃን ብዙ ቢሆንም የተቀናጀ አይሆንም። አንድ ሰፊ ሌዘር መሥራትም መፍትሔ አይሆንም፤ ስፋቱ ሲጨምር በውስጡ ብዙ የንዝረት ስልቶች ስለሚፈጠሩ ጨረሩ ይዘበራረቃል፤ በጠባብ ነጥብ ላይ ለማሳረፍም ያስቸግራል።

ይህ ለሕክምናው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነውና ዛሬ የሬቲናን ንብርብሮች ለማየት የሚያገለግለው ኦሲቲ የተባለው ምርመራ የሚሠራው ከቲሹ የተመለሰ ብርሃን ከማጣቀሻ ብርሃን ጋር ተገናኝቶ በሚያሳየው መጠላለፍ ነው። ቀለሙን በፍጥነት እየለዋወጠ በሚሠራው የኦሲቲ ዓይነት የሌዘሩ ቀለም በየቅጽበቱ ጥርት ያለ ካልሆነ የምስሉ ጥልቀት ይቀንሳል። በቀጭን የብርሃን ገመድ በኩል ወደ ደም ሥር ወይም ወደ ሽንት ቱቦ ብርሃን ማድረስም ጨረሩ ምን ያህል ተሰብስቦ ሊገባ እንደሚችል ይወሰናል። ኃይልን ከጥራት ጋር ማስታረቅ፣ ያውም በትንሽ ቺፕ ላይ፣ የቆየ ምኞት ነው።

ስኒ፣ ጀበናና ፌስቱላ

ቶፖሎጂ አንድ ነገር ሳይቀደድና ሳይጣበቅ ቢለጠጥ፣ ቢጣመም ወይም ቢጨመቅ ምን ሳይለወጥ እንደሚቀር የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ እጀታ የሌለው የቡና ስኒ ከሰሐን አይለይም፤ ሸክላው ገና እርጥብ ሳለ አንዱን ወደ ሌላው ማሸት ይቻላል። እጀታ ያለው ጀበና ግን ሰሐን ሊሆን አይችልም፤ በእጀታው መካከል ቀዳዳ አለና። ጀበናው ከአፉ ሌላ መቅጃ ጡት ካለው ደግሞ ቀዳዳው ሁለት ይሆናል። የቀዳዳ ብዛት ምንጊዜም ሙሉ ቁጥር ነው፤ አንድ ተኩል ቀዳዳ የሚባል የለም።

የጤና ባለሙያው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሽንት የተወጠረ ፊኛና ባዶ ፊኛ መልካቸው ቢለያይም በቶፖሎጂ አንድ ናቸው። በተራዘመ ምጥ ምክንያት በፊኛና በማሕፀን በር መተላለፊያ መካከል የተከፈተ ፌስቱላ ግን የመጠን ለውጥ አይደለም፤ ቀድሞ ያልነበረ መንገድ ነው። ጠባብም ይሁን ሰፊ ሽንት ያፈስሳል፤ ቲሹው ተዳክሞ ወይም ጠንክሮ ብቻ አይጠፋም፤ የሚዘጋው ጠርዝና ጠርዝ ሲጋጠም ነው። ፊዚክስ ከቶፖሎጂ የወሰደው ይህንኑ ጽናት ነው፤ በትንሽ በትንሹ ሊሸረሸር የማይችል፣ ወይ ያለ ወይ የሌለ ባሕርይ።

ከኤሌክትሮን ወደ ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1980 ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ በስስ ንጣፍ ላይ የሚገኙ ኤሌክትሮኖችን እጅግ አቀዝቅዞ በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሲለካ አንድ አስገራሚ ነገር አየ። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ቀስ በቀስ ከመለወጥ ይልቅ እንደ ደረጃ ይዘልል ነበር፤ የደረጃዎቹም ልክ የናሙናው ቅርጽና ንጽሕና ሳይወስነው ሁልጊዜ አንድ ሆነ። በቆሻሻ ናሙና ላይ እንከን የለሽ ቁጥር መገኘቱ ነበር እንቆቅልሹ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዴቪድ ታውለስና ባልደረቦቹ ቁጥሩ ቶፖሎጂያዊ መሆኑን አሳዩ። ፎን ክሊትሲንግ በ1985፣ ታውለስ ከደንከን ሃልዴንና ከማይክል ኮስተርሊትዝ ጋር በ2016 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በዚህ ንጣፍ ውስጠኛ ክፍል የሚገኙ ኤሌክትሮኖች በማግኔቱ ተገድደው ባሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ አይጓዙም። በጠርዙ ያሉት ግን ክባቸውን ሳይጨርሱ ከግድግዳው ጋር ስለሚጋጩ እየዘለሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ከውስጥ ያለው ቁስ የራሱ ሙሉ ቁጥር አለው፤ ከውጭ ያለው ባዶ ቦታ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በግማሽ መሸጋገር ስለማይቻል በድንበሩ ላይ የግድ መንገድ ይከፈታል። መንገዱ የተፈጠረው በጠርዙ ቅልጥፍና ሳይሆን በሁለቱ ወገኖች ልዩነት በመሆኑ ጠርዙ ቢሸረፍ መንገዱ በሽርፋቱ ዙሪያ ይታጠፋል እንጂ አይቋረጥም።

ለዚህ የተሻለው ምሳሌ ከልብ ሕክምና የሚገኝ ይመስላል። በተለመደው የአትሪያል ፍላተር ዓይነት የኤሌክትሪክ ሞገድ በቀኝ አትሪየም ውስጥ በትራይከስፒድ ቫልቭ ቀለበት ዙሪያ በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ይዞራል። በመንገዱ ላይ አንድ ነጥብ ማቃጠል ምንም አይጠቅምም፤ ሞገዱ ነጥቧን ዞሮ ያልፋል። ዑደቱ የሚቆመው ከቫልቩ ቀለበት እስከ ታችኛው ዋና ደም መላሽ ሥር ድረስ ያልተቋረጠ መስመር ሲሠመር፣ ማለትም አንዱ ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ ትንሽ ክፍተት ከቀረ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ልብ ውስጥ መርገም የሆነው ይህ ግትርነት በሌዘሩ ውስጥ በረከት ይሆናል። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ የፍላተር ሞገድ በሁለቱም አቅጣጫ ሊዞር ሲችል በክሊትሲንግ ናሙና ጠርዝ ላይ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው።

ብርሃን ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው ማግኔት በቀጥታ አይጎትተውም። ሆኖም ሃልዴንና ስሪናቫስ ራጉ ተመሳሳይ ጠርዝ ለብርሃንም ሊፈጠር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ አመለከቱ፤ በ2009 በአሜሪካ ኤምአይቲ ተመራማሪዎች በማግኔት ውስጥ በተተከሉ የፌራይት ዘንጎች መካከል ማይክሮዌቭ እያሳለፉ አረጋገጡት። በመንገዱ ላይ ብረት ሲያስቀምጡበት ሞገዱ ብረቱን ዞሮ አለፈ። ለሌዘር በሚያገለግለው ብርሃን ግን የማግኔት ተጽዕኖ እጅግ ደካማ ስለሆነ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት። በ2013 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፣ አንዱ በመስታወት ውስጥ በተቀረጹ ጠመዝማዛ የብርሃን መተላለፊያዎች፣ ሌላው በሲሊኮን ቀለበቶች፣ ያለ ማግኔት ብርሃንን በጠርዝ ላይ ማስኬድ ቻሉ።

ሌዘሮቹ

እነዚህ ሁሉ ብርሃንን የሚያሳልፉ እንጂ የሚያመነጩ አልነበሩም። ጠርዙን ራሱን ሌዘር የማድረግ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀመረ። በዚያ ዓመት በሳንዲያጎ በቡባካር ካንቴ የተመራ ቡድን በማግኔት የታገዘ ሌዘር አሳየ። ማግኔት መጠቀሙ የብርሃኑን አቅጣጫ በእርግጥ ባለ አንድ መንገድ ያደርገዋል፤ ከላይ በተጠቀሰው ድክመት ምክንያት ግን ጥበቃው የሚሠራበት የቀለም ክልል በጣም ጠባብ ነበር።

በ2018 በእስራኤል ቴክኒዮን የሞርዴካይ ሴጌቭ ቡድን ከማዕከላዊ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ከዲሜትሪዮስ ክሪስቶዱሊደስና ከመርሴዴ ካጃቪካን ጋር ያወጣው ሥራ ከሁሉም በላይ ማብራሪያ ይገባዋል። ቡድኑ በከፊል አስተላላፊ ቁስ ላይ 10 በ10 የሆነ የቀለበቶች ድርድር ቀረጸ። በዋና ቀለበቶች መካከል አገናኝ ቀለበቶች አሉ፤ አገናኞቹም በትክክል መሐል ላይ ሳይሆኑ በስሌት ከፍና ዝቅ ተደርገው ተቀምጠዋል። በዚህ ምክንያት ብርሃኑ ወደ ግራ ሲሻገርና ወደ ቀኝ ሲሻገር የሚሄደው ርቀት ይለያያል። አንዲት የድርድሩን ጓዳ ዞሮ ሲመለስ እርምጃው ኤሌክትሮን በማግኔት ውስጥ ሲዞር እንደሚዛባው ያህል ይዛባል። ማግኔት ሳይኖር የማግኔት ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ከዚያም ኃይል የተሰጠው ለድርድሩ ሁሉ ሳይሆን በዙሪያው ላሉት ቀለበቶች ብቻ ነው። ይህ ብልሃት ነው። ከጠርዙ በሚሸሽ ማንኛውም የንዝረት ስልት ውስጥ ኃይል ስለሌለ ይከስማል፤ በጠርዙ የሚዞረው ብቻ ይበረታል። በዙሪያው ያለ እያንዳንዱ ቀለበት የአንድ ጅረት ተካፋይ ስለሆነ የራሱን ቀለም ይዞ ለብቻው ሊቆም አይችልም። ለንጽጽር በተሠራው ተራ ድርድር ብርሃኑ በየጥጉ እየተጠራቀመ በብዙ ቀለሞች ሲያበራ፣ ቶፖሎጂያዊው ከደፉ በላይ ብዙ ኃይል ሲሰጠውም በአንድ ቀለም ቀጠለ፤ ከተሰጠው ኃይል ወደ ብርሃን የለወጠውም የበለጠ ነበር። ሆን ተብሎ ከዙሪያው ቀለበት ሲጎድልም ብርሃኑ የጎደለውን ቦታ ዞሮ አለፈ። በተጨማሪም በቀለበቶቹ ውስጥ ኤስ የተባለውን የላቲን ፊደል የሚመስል ድልድይ በማስገባት ብርሃኑ ከሁለቱ አዟዟሮች አንዱን እንዲመርጥ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች የየራሳቸውን ክፍተት ሞልተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሌዘሮች የሚነቁት በሌላ ሌዘር ብርሃን ነበር፤ በ2020 የሲንጋፖርና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ነገር ግን እጅግ መቀዝቀዝ ያለበት የቴራኸርትዝ ሌዘር አሳዩ። በ2021 በኤሌክትሪክና በክፍል ሙቀት የሚሠራ የቀለበት ድርድር ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት የጀርመኑ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲና ቴክኒዮን 30 ጥቃቅን ሌዘሮችን እንደ አንድ ሌዘር አሠርተዋል። እነዚህ ሌዘሮች ብርሃናቸውን ከቺፑ ወደ ላይ የሚረጩ፣ ጃፓናዊው ኬኒቺ ኢጋ በ1977 ያሰባቸው ዓይነት ናቸው፤ ፊትን የሚለዩ የእጅ ስልኮች ውስጥም ይገኛሉ፤ በስልክ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያበራው። በ2022 ደግሞ የቤይጂንግ ተመራማሪዎች ከጠርዝ ይልቅ በቀዳዳዎች ድርድር መሐል ላይ ባለ ቶፖሎጂያዊ አዙሪት ተጠቅመው 10 ዋት የሚደርስ ቅጽበታዊ ኃይል ያለውና ስፋቱ ከአንድ ዲግሪ በታች የሆነ የ1,550 ናኖሜትር ጨረር አገኙ። ከሁሉም ለተግባር የቀረበው ምናልባት ይህ የመጨረሻው ነው፤ ኃይልና ጥራት አብረው የታዩበት ነውና።

«የተጠበቀ» ሲባል

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ «የተጠበቀ» የሚለው ቃል ውሱን ትርጉም አለው። ጥበቃው የሚሠራው በድርድሩ ቅርጽ ላይ በሚደርስ፣ ከተወሰነ መጠን በማያልፍ እንከን ላይ ነው። እንከኑ በዝቶ የውስጡና የውጩ ልዩነት ከጠፋ መንገዱም ይጠፋል። ማግኔት በሌላቸው ድርድሮች ደግሞ ሌላ ደካማ ጎን አለ። በእያንዳንዱ ቀለበት ብርሃን በሰዓት አቅጣጫም በተቃራኒውም ሊዞር ይችላል፤ ሁለቱ አዟዟሮች በጠርዙ ላይ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። የግድግዳው ሻካራነት አንዱን ወደ ሌላው ከገለበጠው ጥበቃው ይፈርሳል። ኤስ ቅርጹ ድልድይ የገባውም ለዚሁ ነው።

ቁሱ ብርሃን ከመጠጣት፣ ብርሃኑ ወደ ላይ ከመፍሰስ፣ ከፊል አስተላላፊው ከመሞቅና ከማርጀት ቶፖሎጂ አያድንም። ሙቀት ሲለወጥ የቁሱ ብርሃን የመስበር አቅም ስለሚለወጥ የሌዘሩ ቀለም ይሸሻል። የጠርዙ መንገድ መኖር የተረጋገጠ ነው፤ ቀለሙ ግን አይደለም። ስለዚህ «ቶፖሎጂያዊ በመሆኑ ልኬት ማስተካከያ አያስፈልገውም» የሚል መግለጫ ቢመጣ መሠረት የለውም። ኤሌክትሪክ በሚዋዥቅበትና አቧራ በሚበዛበት ጤና ተቋም ውስጥ የሌዘር መሣሪያን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ምንጩ፣ ማቀዝቀዣው ወይም የተበላሸ የብርሃን ገመድ ነው፤ በናኖሜትር የሚለካ የቀለበት ስሕተት አይደለም።

ያው የቀለም መሸሽ በሌላ በኩል ጥቅም አለው። በጥቃቅን ሌዘር ጠርዝ ላይ ፕሮቲን ወይም ሌላ ሞለኪውል ሲጣበቅ ብርሃን የመስበር አቅሙ ስለሚለወጥ ቀለሙ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ይህንን በመለካት ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚፈለገው በአሠራር እንከን የማይረበሽ፣ በሞለኪውል ግን የሚነካ ሌዘር ነው፤ ቶፖሎጂያዊው አወቃቀር ተስፋ የሚጣልበት እዚህ ላይ ነው። በሕያው ሴል ውስጥ ከተሠሩት ሌዘሮች ጋር ግን መምታታት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ማልተ ጋተርና ሶክ ህዩን ዩን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ያለበትን አንድ የሰው ኩላሊት ሴል በመስታወቶች መካከል አድርገው ሌዘር አድርገውታል፤ በ2015 በሴል ውስጥ የገቡ ዶቃዎችና የዘይት ጠብታዎች ሌዘር ሆነዋል፤ በ2020 በልብ ጡንቻ ሴሎች ላይ የተደረጉ ዶቃዎች በእያንዳንዱ የልብ ምት ቀለማቸውን ሲለዋውጡ ተለክቷል። እነዚህ ቶፖሎጂያዊ አይደሉም፤ መሆንም አላስፈለጋቸውም። ጠብታን የሚያሳምረው የራሱ የገጽ ውጥረት ስለሆነ እንከኑ አነስተኛ ነው። ችግሩ ያለው በቺፕ ላይ በሚቀረጸው ነው፤ እዚያ ቅርጹን የሚያስተካክል ተፈጥሯዊ ኃይል የለምና።

ቶፖሎጂያዊ ሌዘሮች ሥራቸው ገና በምርምር ቤተ ሙከራ ነው። የሜይማን ሌዘር ወደ ዐይን ሕክምና የፈጠነው በጊዜው ሐኪሙ የሚፈልገው ጠንካራ ብልጭታ ብቻ ስለነበረ ነው፤ የአሁኑ ግን የሚያሻሽለው ሌሎች ሌዘሮች አስቀድመው የሚሠሩትን ሥራ ነው፤ ብልጫውን ማሳየት ያለበትም ርካሽና የተፈተኑ ከሆኑት ጋር ተወዳድሮ ነው።

አንድ ነገር ግን ምንም ዓይነት ሌዘር ቢሆን አይለወጥም። ጨረሩ በተሰበሰበ መጠን ለዐይን አደገኛነቱ ይጨምራል። ከላይ የተጠቀሱት የ1,550 ናኖሜትር ጨረሮች አይታዩም፤ በብዛት የሚጠጡትም በኮርኒያና ከኋላው ባለው ውኃ ስለሆነ ሬቲና ድረስ እምብዛም አይደርሱም፤ ሆኖም ኃይላቸው ከበዛ ኮርኒያን ያቃጥላሉ። በ2018ቱ ሙከራ ድርድሩን ያነቃቃው ሌዘር ግን 1,064 ናኖሜትር ነበር። ከ400 እስከ 1,400 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ያለ ብርሃን፣ ቢታይም ባይታይም፣ በዐይን ሌንስ ተሰብስቦ ሬቲና ላይ ያርፋል፤ የማይታየው ደግሞ ዐይንን አያስጨፍንም። ስለሆነም የመከላከያ መነጽር የሚመረጠው በጨረሩ ርዝመተ ሞገድ ነው፤ አንድ መሣሪያ ሁለት ሌዘሮችን ከያዘ መነጽሩ ለሁለቱም መሆኑ በላዩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር መረጋገጥ ይኖርበታል።